ዑምኩልሱም ብፌዋን በቤንዚን ያጠበች ለት

ጎረቤቴ ዑምኩልሱም ሐይቅ ከተማ ዓሣ ጠብሳ እየሸጠች ነው የምትኖር። ፈሪ ናት። ባጃጅ ላይ ስትወጣ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ሐይቁንም አትጠጋውም፣ ዓሣውን አጥማጆቹ ናቸው ቤቷ ድረስ የሚያመጡላት። ከእሳት ጋር ግን ተላምዳለች። በሁዳዴ የእኛ የክርስቲያኖቹ ወገን ሰዎች ዓሣ ይጾማል አይጾምም እያሉ በሯ ላይ ይከራከራሉ፤ ክርክሩ ሳያልቅ ዓሣው ያልቃል።

የዚህ ሁሉ ዓመት የዘይት ጢስ የት ሄደ ብትሉ፣ ማድቤት የቆመው የዕቃ ብፌዋ ላይ ነው። የእንጨት ነው፣ ቫርኒሽ የተቀባ። ቅባትና ጥቀርሻ ተደራርቦበት እጃችሁን ካስደገፋችሁት አይለቃችሁም። ልጇን ሪታጅን ለጋብቻ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች እሁድ ከውጫሌ እንደሚመጡ በሰማች ጊዜ ብፌውን አየችና እንቅልፍ አጣች።

ወንድሟ ሱሩር ባጃጅ ነጂ ነው። በሃይላንድ ጠርሙስ ቤንዚን አመጣላት።

«እታለም፣ እኛ የሞተር ግራሶ የምናጥበው በዚህ ነው። ያንቺ ብፌ ምን አላት?»

«ቫርኒሹንስ አይልጠውም?»

«ቢልጠው አዲስ ይመስላል» ብሎ ሄደ።

ጎረቤት ጉዷን እንዳያይ የማድቤቱን በርና መስኮት ዘጋች። ጨርቅ እየነከረች መፈተግ ጀመረች።

እኔ፣ ጎረቤቷ እንዳለ፣ የተዋስኩትን መሰላሏን ልመልስ መጣሁ። በሩን ስከፍተው ሽታው አፍንጫዬን ሰነጠቀው።

«እንዳለ፣ ግባና ዝጋው፣ ሰው ያያል!»

አልዘጋሁትም። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፣ ትንገዳገዳለች። የቀሚሷ ጫፍ ርሷል። ጠርሙሱ አልተከደነም።

«ዑምኩል፣ ምድጃውስ?»

«ጠዋት አዳፍኜዋለሁ።»

እሳት ማዳፈን ማጥፋት አይደለም። ለከሰዓት እንዲደርስ አመድ አልብሶ ማስተኛት ነው። እሷም ይህን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች፤ ሽማግሌዎቹ አስረስተዋት ነው እንጂ። ምድጃው ደግሞ በእሷና በበሩ መሃል ነው። አመዱ ተሰንጥቆ ውስጡ ቀይ ነገር አየሁ። ዓይኔን ተከትላ እሷም አየችው።

«ያ ረቢ!»

አጠገቧ የነበረውን የውሃ ባልዲ አንስታ ፍሙ ላይ ልትደፋ ስትል «እንዳትደፊው!» አልኳት፣ ፍሙ ቢበተን አለቅን። በደንብ ላያት ብዬ መብራቱን ላበራ እጄን ዘረጋሁ፤ ማብሪያው ብልጭ እንደሚል ትዝ አለኝና መለስኩት። ማሳረፊያ ባጣ ኪሴ ከተትኩት። ኪሴ ውስጥ ክብሪት አለ። ሳልነካው እጄን ቀስ ብዬ አወጣሁ።

«በቅድሚያ ጠርሙሱን ክደኚ።»

ክዳኑ የጠርሙሱን አፍ እየሳተ ሲመታው ይሰማኛል። እንደምንም ከደነችው።

«አሁን ቀሚስሽን ሰብስበሽ ግድግዳውን ይዘሽ ነይ። ቀስ ብለሽ።»

«እግሬ እንቢ አለኝ።»

«እንግዲያ ሽማግሌዎቹ እሁድ ለቅሶ ይድረሱ?»

«አላህ አፍህን ይዝጋው!» ብላ በንዴት ተራመደች።

ቀሚሷን አቅፋ፣ ጀርባዋ ግድግዳውን እየጠረገ መጣች። ምድጃው አጠገብ ስትደርስ ትንፋሿን ያዘች። እኔም ያዝኩ፤ የእኔ መያዝ ምን እንደሚረዳት እንጃ። ከአመዱ ውስጥ አንድ ፍም ቷ አለ። ደርቃ ቆመች። ሌላ ነገር አልመጣም። ወጣች።

መስኮቱን ከውጭ በመሰላሉ ገፍቼ ከፈትኩት። እሷ ታጥባ ልብስ ቀየረች፤ ሽታው ጨርሶ እስኪወጣ ድረስ ግቢ ውስጥ ቁጭ አልን። ሱሩር መጥቶ «ምነው ውጭ?» ቢል ጫማዋን ወረወረችበት። ቤንዚኑን ይዞ እንዲጠፋ፣ የነከረችውንም ጨርቅ ከቤት ርቆ ሜዳ ላይ እንዲያሰጣው አዘዘችው።

በማግስቱ በርና መስኮት ከፍታ ብፌውን በሳሙና አጠበችው። ለብ ያለውን ውሃ ያመጣሁላት ከቤቴ ነው፤ እሷ እሳት አላነደደችም። ኦሞ በጠበጠች፣ ጨርቁን ጥሩ አድርጋ ጨመቀችና ከኋላ በኩል ጥግ ላይ ሞከረችው። ቫርኒሹ አልተነሳም። ከዚያ ሳሙናውን ትንሽ እያቆየች ቅባቱን አነሳችው፣ በንጹህ ውሃ ደገመችው፣ እንጨቱ እንዳያብጥ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ አደረቀችው። «በረኪናና የሽንት ቤት ማጽጃ ልደባልቅበት ይሆን?» ስትለኝ «ደግሞ ሲደባለቁ በሚወጣው ጋዝ ታፍነን እንሙት?» አልኳት። ቅባቱ ሲነሳ እንጨቱ ቀይ ሆኖ ተገኘ።

እሁድ ሽማግሌዎቹ መጥተው ተቀመጡ። ዓሣው ግን ጥሬውን ነው። ማድቤት ብገባ ዑምኩልሱም ምድጃው ፊት ቆማለች። ክብሪት ትጭራለች፣ እፍ ትለዋለች፤ ደግማ ትጭራለች፣ እፍ ትለዋለች።

«እንዳለ፣ በአላህ፣ አንተ ለኩስልኝ።»

እኔም ያንን ማድቤት ፈርቼዋለሁ። ምድጃውን ተጋግዘን ግቢው መሃል አወጣነው። ሽማግሌዎቹ በመስኮት እያዩ፣ እሷ ፊቷን ወደ አጥሩ አዙራ፣ ክንዷን የቻለችውን ያህል ዘርግታ ለኮሰችው።