ጾማቸውን ረሃብ ብዬ የጻፍኩባቸው ሽማግሌ

ይህ የደረሰብኝ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን የመጡት ወገኖቻችን አሽቀሎን ከተማ ዳር በተደረደሩት፣ ቀራቫን በሚባሉት ተገጣጣሚ ቤቶች ውስጥ የመጀመሪያ ክረምታቸውን ሲያሳልፉ ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል። እኔ ግን ሐሙስ በመጣ ቁጥር፣ ጾሜን ይዤ ስውል ነገሩ ትዝ ይለኛል፤ ትዝ ባለኝ ቁጥርም እበሽቃለሁ።

በሱዳን በኩል ቀድሜ የመጣሁ ስለሆንኩ ዕብራይስጡን በመጠኑ አውቀው ነበር። የምኖረው እዚያው አሽቀሎን፣ አቲቆት የሚባለው ሰፈር ነው። አንድ ቀን አማርኛም ዕብራይስጥም የምታነብ ሴት ትፈለጋለች ተብሎ ተጠራሁ። ሥራው የቤተሰብ ጥናት ነው። መጠይቁ ለሌላው ሕዝብ ሲሠራበት ቆይቷል፤ ለእኛ ሰው መሆን አለመሆኑ ግን አልታወቀም። ስለዚህ ወደ ሌሎች ከተሞች ከመሄዱ በፊት በእኛ ቀራቫኖች ይሞከር ተባለ።

ኃላፊያችን ኦርና የምትባል ሴት ነበረች። ልበ ጥሩ፣ ግን ሕግ ከያዘች የማትለቅ። "ጥያቄውን እንደ ተጻፈ አንብቢ። አትጨምሪ፣ አትቀንሺ፣ አታስረጂ። የተመለሰልሽን ብቻ ጻፊ" አለችኝ። እኔም ደስ አለኝ። "በሐሰት አትመስክር" የሚለውን ትእዛዝ ከልጅነቴ ጀምሮ ስፈራው የኖርኩ ሰው ነኝና፣ ይህስ ለእኔ የሚሆን ሥራ ነው አልኩ።

መጀመሪያ የገባሁት አባባ ይርጋ ቤት ነው። ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁ፣ በሰፈሩ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። ባለቤታቸው እማማ ትርንጎ አጠገባቸው ተቀምጠዋል። ስለ አልጋው፣ ስለ ምድጃው ጠየቅኩና ረሃብን የሚመለከተው ላይ ደረስኩ፤ "ባለፈው ሳምንት ከቤተሰቡ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሳይበላ የዋለ ሰው ነበር?"

"እንዴታ!" አሉ አባባ ይርጋ፣ ቆጣ ብለው። "ሐሙስ ማን ይበላል?"

"ሰኞንም ጨምሪበት" አሉ እማማ ትርንጎ። "እሳቸው እንኳ ሰኞ ሰኞ ወገቤን ማለት ይወዳሉ።"

እስክሪብቶዬ ቆመ። ወረቀቱ ላይ ያለው "አዎ" እና "አይ" ብቻ ነው፤ ለምን ብሎ አይጠይቅም። "አዎ" ላይ ምልክት አደረግኩና ዳር ላይ በትንሹ "ጾም ነው" ብዬ ጻፍኩበት።

ሁለት ቤት አልፎ እትዬ ዝማም ይኖራሉ። ባላቸው ሞተውባቸው ሁለት ትንንሽ የልጅ ልጆች የሚያሳድጉ ሴት ናቸው። ስገባ አዩኝና፣ "እንግዳ መጥቶብኝ እንዲህ ሆኜማ አልቀመጥም" ብለው ፍሪጁን ከፈቱ። ውስጡ የታጠፈ ልብስ ነበር። ከላይ ነጠላቸው፣ ከታች የልጆቹ ሹራብ። ነጠላቸውን አውጥተው ለበሱና መልሰው ዘጉት። ገመዱ ከግድግዳው ተነቅሏል። በቤቱ ውስጥ የሚበላ ነገር ሽታ እንኳ አልነበረም።

"ፍሪጅ አለዎት?" ይላል መጠይቁ።

"ይኸው፣ መንግሥት ይክበር።"

"ቀኑን ሙሉ ሳይበላ የዋለ ሰውስ?"

"ኧረ ተመስገን! ምን ጎድሎብን።"

እሳቸው ጥያቄው የሚፈልገው ምን እንደሆነ ገብቷቸዋል። ሐሙስን አላነሱም። ሕጉን ጥሼ ድምፄን ዝቅ አደረግኩና፣ "እትዬ፣ እንደ ልጅዎ ልጠይቅዎ" አልኳቸው።

"እንደ ልጄ ከሆንሽማ አትጠይቂኝ። ችጋሬን ለመንግሥት አላስጽፍም። ያልኩሽን ጻፊ።"

"አይ" ላይ ምልክት አደረግኩ። የጻፍኩት የሰማሁትን ነው።

በማግስቱ ኦርና ወረቀቶቹን ስታይ፣ "ዳር ላይ የተጻፈውን ኮምፒዩተሩ አያነብም" አለችኝ። የእትዬ ዝማምን ስም ሳላነሳ ተከራከርኩ። "የእኛ ሰው ጠግቦ ይጾማል፤ ሲርበው ደግሞ ጠግቤያለሁ ይላል። በዚህ ጥያቄ አታገኙትም" አልኳት።

"እያንዳንዷ ጠያቂ የመሰላትን ከጻፈችማ ጥናት አይባልም" አለች። ልክ አይደለሽም ልላት አልቻልኩም። ያቃጠለኝም ይኸው ነው።

ኦርና ግን ልቧ አላስችል አላት። ጾም ነው ያልኳትን ትታ፣ ወረቀቱ ላይ ያለችውን "አዎ" ይዛ ሽማግሌዎቹ ተርበዋል ብላ ከጎረቤቶቿ ምግብ አሰባሰበች። እንዳስተረጉምላት ይዛኝ ስትሄድ፣ ቀኑ ሐሙስ! መኪናው አባባ ይርጋ በር ላይ ቆመ። ዱቄት፣ ዘይት፣ ብርቱካን፣ በረዶ የሆነ ዶሮ በካርቶን በካርቶን ወረደ። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ያያል።

"ማነው ለማኝ ያለን?" አሉ አባባ ይርጋ። ወደ እኔ ዞሩ። "ለፈጣሪዬ የጾምኩትን ረሃብ ብለሽ ለፈረንጅ አቀበልሽው?"

"ዶሮውን እዩልኝ" አሉ እማማ ትርንጎ። "ማን እንዳረደው እግዜር ይወቅ። ለውሻ ለመወርወር ካልሆነ ለምን ይሆናል?"

"ምን ይላሉ?" አለች ኦርና።

"አይፈልጉም" አልኳት።

ሾፌሩ መልሶ መጫን ጀመረ። "ለሌላ ሰው ብንሰጠውስ?" አልኩ።

"ለማን?" አለች ኦርና። "ሳልበላ ዋልኩ ያሉት እሳቸው ብቻ ናቸው።"

ዓይኔ ወደ እትዬ ዝማም በር ሄደ። ነጠላቸውን ለብሰው ከሰዉ ጋር ቆመው ያያሉ። ስማቸውን ብጠራ በሰፈሩ ፊት ላዋርዳቸው ነው። ዝም ብል ምግቡ ሊሄድ ነው። ወደ አባባ ይርጋ ጠጋ ብዬ፣ "አባባ፣ ይቀበሉ። ለማን ብለው ግን አይጠይቁኝ" አልኳቸው።

"አንቺ ልጅ..." ብለው ሊቀጥሉ ነበር። ዓይኔ የሄደበትን አይተው ነው መሰለኝ ተዉት። በከዘራቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ። ከዚያ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብለው፣ "በያት! ርቦናል በያት! አውርዱት!" አሉ።

"አባባ ይርጋም ለካ ይርባቸዋል!" አለ አንድ ጎረምሳ። ሰዉ ሳቀ። እሳቸው ቀና ብለው አላዩትም።

አስተረጎምኩ። የኦርና ዓይን እንባ አቀረረ። ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ "አየሽ? ጥያቄው ይሠራል" አለችኝ። መጮህ አማረኝ፤ ግን ምን ብዬ?

ፀሐይ ጠልቃ ጾሙ ሲፈታ እማማ ትርንጎ ዶሮውን ትተው ሌሎቹን ካርቶኖች እየተመላለሱ ለእትዬ ዝማም አስገቡላቸው። የተባባሉትን በኋላ እማማ ትርንጎ ራሳቸው ነገሩኝ። "የእኛ ፍሪጅ ሞላብን፤ እባክሽ ያንቺው ውስጥ አስቀምጪልን። እንዳይበላሽ ልጆቹ ይብሉት" ይላሉ።

"ዱቄትም ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል?" ይላሉ እትዬ ዝማም።

"በዚህ አገር እንደዚያ ነው አሉ።"

በሳምንቱ ብቅ ስል የእትዬ ዝማም ነጠላ ከበሩ ኋላ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ፍሪጁም ያጉረመርማል።

ደስ አለኝ ብል ግን ውሸት ነው። መጠይቁ አንድ ቃል ሳይለወጥ ወደ ሌሎች ከተሞች ሄደ። እኔም ሥራውን ተውኩት። በሰፈሩ ልጆች ዘንድ ደግሞ ለአባባ ይርጋ "አባባ ርቦናል" የሚል ስም ወጣላቸው። ቀራቫኖቹ ተነሥተው ሰዉ እስኪበተን ድረስ ያ ስም አልለቀቃቸውም። እሳቸውም አላስተባበሉ፣ እኔም አፌን አልከፈትኩ፤ ብከፍት የእትዬ ዝማም ጓዳ ይገለጥ ነበርና።

አሁን ሁሉም አፈር ሆነዋል። ስማቸውን ለውጬ ይህን የጻፍኩት ለአንድ ነገር ብቻ ነው። የዚያን ጊዜ ማንም በማያነብበት ዳር ላይ የጻፍኩትን፣ አሁን መሃል ላይ ልጻፍላቸው። ጾም ነበር።