ዶሲንዳ ወይኗን ያልከፈተችበት መጋቢት

የወንድሜ ሚስት ዶሲንዳ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ምላሷ ግን ክፉ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ባሕሩ ሲሸሽ ጭቃው ላይ ጎንበስ ብለን ሥጋው የሚበላ የባሕር ዛጎል በብረት መጫሪያ ስንለቅም፣ ከጎኔ ሆና ያልሰደበችው ፍጡር የለም። ነፋሱን ትሰድባለች፣ ቄሱን ትሰድባለች፣ እኔን ደግሞ ለማወራረጃ ታስቀረኛለች። ስለ ወይን ጠጅ አፌን ከከፈትኩማ አለቀልኝ። «ባልቢና፣ አንቺ እኮ የዝናብ ውኃ ብንቀዳልሽም አመስግነሽ ትጠጪያለሽ!» ትለኛለች በሰው ፊት። እኔም ሠላሳ ዓመት «ጥሩ ነው ዶሲንዳ» እያልኩ ጠጣሁ። ፈሪ ነኝ፤ አልክድም።

በእኛ በስፔኗ ጋሊሲያ ባሕር ዳር፣ ከጓሮው ወይን ጠምቆ ከቤተሰቡ የተረፈውን የሚሸጥ ሰው በሩ ላይ ሎሬል ከሚባለው ቅጠሉ ለወጥ ቅመም ከሚሆነው ዛፍ አንድ ቅርንጫፍ ይሰቅላል። ቅርንጫፉ ካለ ግቡ ነው፤ ከወረደ አልቋል። ዶሲንዳ በየዓመቱ መጋቢት ሲገባ በርሜሏን ከፍታ፣ አሽትታ፣ አንድ ጉንጭ ቀምሳ ትሰቅላለች። ወይኗ ክብሯ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ጎረቤታችን ኤላድዮ ወይኑ ኮምጥጦ ሳለ ቅርንጫፍ ሰቅሎ ተገኘ። ዶሲንዳ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ «ኤላድዮ፣ ለሰላጣ ነው እንዴ የምትሸጠው?» አለችው። ሰውየው ከዚያ ወዲህ ሰቅሎ አያውቅም።

ዘንድሮ መጋቢት ገባ፣ ተጋመሰ፤ የዶሲንዳ በር ባዶ ነው። ሰው ማውራት ጀመረ። ኤላድዮማ በደጃፏ ሲያልፍ ቆም ብሎ፣ ኮምጣጤ ይሸተው እንደሆን፣ አየር መሳብ አመጣ። ስጠይቃት «ገና ነው» ትላለች። «ምኑ ነው ገና?» ስላት፣ «ያንቺ ነፍስ ማወቅ» አለችኝ።

በዚያው ሰሞን የራሴን የሎሬል ዛፍ ከረከምኩ። ለወጥ የሚሆነኝን አንድ ቅርንጫፍ ተሸክሜ ስመለስ ስልኬ ጮኸ፤ እሱን ላነሳ ብዬ ቅርንጫፉን የዶሲንዳ በር ላይ ሻጥ አድርጌ እያወራሁ ወደ ቤቴ ገባሁ፤ ረሳሁት። እዚህ ተወልዶ ያረጀ ሰው እንዲህ ሲሳሳት ያሳፍራል።

ከሰዓት በኋላ ከዶሲንዳ ግቢ የማላውቀው ድምፅ ሰምቼ ሮጥኩ። ፀሐይ ያቀላው ረጅም ሰውዬ ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፎ፣ ደብተር ይዞ ተቀምጧል። ኮርኔሊስ ይባላል። ዕድሜውን ሙሉ ሆላንድ ውስጥ አይብ ሲነግድ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ የባሕር ዳር አገሮችን ምግብና ወይን ልቅመስ ብሎ የተነሣ ሰው ነው። ዶሲንዳ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች።

«ቅጠሉን ማን ሰቀለው?» አለችኝ።

«እኔ... ስልክ ጮኾብኝ...»

«ስልክ ይብላሽ!»

ቅርንጫፍ አይቶ የገባን ሰው ማባረር ነውር ነው። ስለዚህ እያጉተመተመች ምድር ቤት ወርዳ ወይን በነጭ የሸክላ ጽዋ አመጣችለት። እኔም ከቤቴ በበቆሎ ሊጥ ሸፍኜ የጋገርኩትን ዛጎል አቀረብኩ። ሰውየው የማይጠይቀው ነገር የለም። የወይኑ ሐረግ ለምን ከሰው ቁመት በላይ በድንጋይ ምሰሶ ላይ ተዘረጋ? ከሥሩ ጎመን ልንተክልበት፣ ከእርጥበቱም እንዲርቅ። ለምን በብርጭቆ አልቀረበም? ብርጭቆ የሚወጣው ሐኪም ቤት ሲመጣ ነው አለችው ዶሲንዳ። ይህንንም ጻፈው። ዛጎሉን በነጋዴ ዓይን አገላብጦ ጎረሰና «በቆሎው ይጣፍጣል፣ ዛጎሉ ጨው ጨው ይላል፣ አብረው ይስማማሉ» ብሎ ጻፈ። እኔም ስንት ዓመት ስጋግረው አስቤው የማላውቀውን ነገር አሰበልኝ። ከዚያ ጽዋውን አፍንጫው ሥር ይዞ ዓይኑን ጨፈነ።

«ምን ምን ይልሃል?» አለች ዶሲንዳ።

ደነገጥኩ። ስለ ወይኗ ሰው ጠይቃ አታውቅም።

«ፖም።»

«የትኛው ፖም? አሁን የተቀጠፈው ነው ወይስ ቤት የከረመው?»

«አሁን የተቀጠፈው። የሎሚ ልጣጭም አለው። ደግሞ ዝናብ የነካው ድንጋይ።»

«ሌላስ? ክፉ ነገር የለውም? አትፈር፣ ተናገር!»

«የለውም እመቤቴ።»

«አይብ ነጋዴ! ምን ታውቃለህ!» አለችው፤ ጽዋውን ግን ከእጁ ወስዳ ደጋግማ አሸተተችውና ልትሞላለት ወደ ምድር ቤት ወረደች።

ያኔ ነገሩ ገባኝ። ጥር ላይ ክፉ ጉንፋን ይዟት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ድስቷ አርሮ፣ ሽታው እኔ ቤት ድረስ መጥቶ፣ እሷ ግን እዚያው ኩሽና ጀርባዋን ሰጥታ ድንች ስትልጥ አግኝቻታለሁ። እርጅና ነው ብዬ አልፌው ነበር።

ምድር ቤት ተከትያት ወረድኩ። «አይሸትሽም አይደል?» አልኳት። የበርሜሉን ውታፍ ነቅላ አሸተተችውና መልሳ ደፈነችው። አንጀቴን በላችው።

«ምንም» አለች። «ሳሙናም፣ ዓሣም፣ ወይንም። ምላሴም እንጨት ሆኗል። ኤላድዮን ያልኩትን ታውቂያለሽ። ወይኔ ኮምጥጦ ሳለ ቅርንጫፍ ብሰቅል በየት በኩል እወጣለሁ? እንግዳው ደግሞ ለይሉኝታ ሲል ይዋሻል።» ጀርባዋን ሰጥታኝ ጥቂት ተንጎዳጎደችና ሁለት ጽዋ ዘረጋችልኝ። «ይሄ ከትልቁ በርሜል ነው፣ ይሄ ከትንሹ። ቅመሽ።»

የመጀመሪያው ልብ የሚያርስ ነበር። ሁለተኛው ጉሮሮዬን አነቀኝ፤ ኮምጣጤ! ትንሹ በርሜል ሟች ባሏ፣ ወንድሜ፣ በእጁ ከተከላቸው የወይን ሐረጎች የሚጠመቀው ነው። ምን ልበላት? የለመድኩት «ጥሩ ነው» ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ።

«እመቤቴ!» አለ ኮርኔሊስ ከላይ። «ዛጎሉ የሚለቀመው ስንት ሰዓት ላይ ነው?»

«ባሕሩ ሲሸሽ!» ብለን ሁለታችንም ጮኽንበት።

«እሺ?» አለችኝ።

«ትልቁ ደህና ነው። ትንሹ ግን... ኮምጥጧል ዶሲንዳ።»

«በደንብ ቅመሽ። ምላስሽን አውቀዋለሁ።»

«ቀምሻለሁ! ኮምጣጤ ነው! ከፈለግሽ ስደቢኝ!»

ዶሲንዳ ከበርሜሉ ጀርባ ኮምጣጤ የምታስቀምጥበትን ጠርሙስ አውጥታ ፊቴ አስቀመጠችው።

«ጽዋሽ ውስጥ ከዚህ ሁለት ማንኪያ ጠብ አድርጌበት ነው» አለች። «አንቺ ስትፈሪኝ የኖርሽ ሴት ነሽ። ዛሬም ፈርተሽ ብትዋሺኝ ኖሮ በርሜሎቹን ዘግቼ መቀመጤ ነበር። የማምነው አፍንጫ አልነበረኝም።»

ተናደድኩ። የምሰድባት ስድብ ስፈልግ እንባዬ ቀደመኝ። እሷ ግን ከትንሹ በርሜል ንጹሑን ቀድታ እጄ ላይ አኖረችልኝ።

«አልቅሰሽ ስትጨርሺ ንገሪኝ» አለች። «ምን ምን ይላል? ቀስ ብለሽ፤ ምንም እንዳታስቀሪብኝ።» ዓይኗን ጨፍና ጠበቀችኝ።

አፍንጫዬን ጠረግኩና ጽዋው ላይ አጎነበስኩ።

«መጀመሪያ» አልኳት፣ «የበሰለ ኮክ።»