ብራና ላይ የሚያትም ፕሪንተር

ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በሁለተኛው ወር አጎቴ ደውለው ብራና ላይ ፎቶ የሚያትም ፕሪንተር እንድመርጥላቸው አዘዙኝ። ዶርም ውስጥ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ነበር። እሺ ጋሼ አልኩና ስልኩ እንደተዘጋ ትእዛዙን ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። የታዘዝኩትን ሁሉ እጽፋለሁ። እሳቸው የጠየቁኝን ነገር አይሆንም ብዬ አላውቅም፤ ያን ቀንም አላልኩም።

አጎቴ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከላሊበላ ወጣ ብሎ፣ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ በሚወስደው መንገድ ዳር ይኖራሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ብራና ሲፍቁና ሲጽፉ ኖረዋል። የፍየል ቆዳ ይነክራሉ፣ በእንጨት ላይ በገመድ ይወጥራሉ፣ ሥጋውንና ጠጉሩን ፍቀው በድንጋይ እያሹ ያለሰልሱታል። ባለቤታቸው ገመዱን በሌላው ወገን ይዘው ያጠብቁላቸው ነበር። ልጅ የላቸውም። እንግዳ በሚመጣበት ጊዜ ትንንሽ መጻሕፍት ጽፈው ይሸጡ ነበር። ከጦርነቱ ወዲህ እንግዳው ቀረ፤ ብዙ ሳይቆይ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከዚያም ባለቤታቸው ዐረፉ። ስልኩን በደወሉልኝ ጊዜ ቤታቸው ውስጥ የቀረው ያለቀለት ብራና አንድ ብቻ ነበር። ሌላ እንደማይፍቁ እሳቸውም እኔም እናውቃለን።

ፎቶውን በስልኬ ያነሣሁት እኔ ነኝ። የአጎቴ ባለቤት የተወጠረውን ቆዳ ገመድ ይዘው ይስቃሉ፤ የሳቁት አይሳቁ ስላልኳቸው ነው። ከላይ በኩል የጎደለው ጥርሳቸው ይታያል። ሌላ ፎቶ የላቸውም። በአርባቸው ዕለት ከተማ ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሜ፣ በመስታወት አስገብቼ ወስጄላቸው ነበር። አጎቴ ከበሩ ፊት ለፊት ሰቀሉት፤ የጠዋት ፀሐይ በቀጥታ ያገኘዋል። ክረምቱ ሳይገባ ቀዩ ቀለም ጠፋ። መስከረም ላይ ፊታቸው ሰማያዊ ሆነ። ኅዳር ላይ ጥርሱ ከከንፈሩ አይለይም ነበር።

አጎቴ በስልክ የነገሩኝ ይህንኑ ነው። ወረቀት ሊይዛት አልቻለም፣ ብራና ግን ይይዛታል አሉ። አያታቸው የጻፉት ዳዊት ዛሬም ይነበባል። ሙት ዓመታቸው ጥር መጨረሻ ነው፤ ያን ዕለት የባለቤታቸው ፊት ግድግዳው ላይ እንዲኖር ነበር የፈለጉት።

ምርጫውን እንደ ፈተና ያዝኩት። ላይብረሪ ውስጥ ኢንተርኔቱ ሲሠራ አነባለሁ፤ ሲቋረጥ ያነበብኩትን በሠንጠረዥ እገለብጣለሁ። በየፎቶ ኮፒ ቤቱ ያለው ባለ አራት ቀለም ፕሪንተር ቀለሙ ውሃ ውስጥ የሟሟ ነው፤ ብርሃን ይበላዋል። የአጎቴን ባለቤት ሰማያዊ ያደረጋቸው እሱ ነው። ሌላው ዓይነት ቀለም ፒግመንት ይባላል፤ ውሃ ውስጥ የተንሳፈፈ ደቃቅ ዱቄት ነው፤ ብርሃን ቶሎ አያሸንፈውም። ይህን በስልክ ሳነብላቸው፣

«ከጥቀርሻ ነው የሚሠራው?» አሉኝ።

ጥቁሩ ከጥቀርሻ ጋር አንድ ዓይነት ነገር መሆኑን ነገርኳቸው።

«እንዲያማ ከሆነ የእኔ ቀለም ነዋ።»

ከቀብሩ ወዲህ ድምፃቸው ውስጥ ደስታ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። በኋላ ያልተናገርኩትን ሁሉ ያልተናገርኩት ያንን ደስታ ላለማጥፋት ነው።

ሦስት ፕሪንተሮች ለይቼ አወጣሁ። የመጀመሪያው ቀለሙ ጥሩ ቢሆንም ወረቀቱን ከታች አንሥቶ፣ አጥፎ ነው የሚያሳልፈው፤ ብራና እንዲያ ከታጠፈ እንደ ደረቀ ቅጠል ይሰነጠቃል። ሁለተኛው ጠባብ ነው። ሦስተኛው ባለ ስምንት ቀለም ሆኖ ከኋላው ወፍራም ነገር ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ የሚገባበት ክፍተት አለው። የመጀመሪያውን ፎቶ ላተመልኝ ለላሊበላው ፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት ደውዬ ስለ ሦስተኛው ጠየቅሁት። ለምን እንደፈለግሁት ሲሰማ ሳቀ። «እህቴ፣ ለዚህማ ፍየሏን በቁሟ አስገቢያት፤ መግፈፉም ይቀርልሻል» አለኝ።

በዩኒቨርሲቲው የፎቶ ክፍል የሚሠራው ሰው ግን አልሳቀም። ሠንጠረዤን እስከ መጨረሻው አነበበና ሦስተኛው ትክክለኛ ምርጫ እንደሆነ ነገረኝ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚውል ወረቀት ቀለሙን የሚጠጣ ሽፋን አለው፤ ቆዳ ግን ስብ አለው። «ብራናው ይጠጣል ወይ?» አለኝ። ከጥጥ የሚሠራ ወረቀት ብገዛ፣ ከፀሐይ ከራቀ ዕድሜው ከእኔም ከአጎቴም እንደሚበልጥ ነገረኝ።

ጥያቄውን ደብተሬ ላይ ጽፌ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ማታ ለአጎቴ ስደውል ስለ ጥጡ ወረቀት ብቻ ነገርኳቸው።

«ወረቀት ወረቀት ነው፣ ሆዴ» አሉኝ።

ስለ ስቡ አልነገርኳቸውም። የእሳቸው ቀለም ዘመን እስከ ዘመን ብራና ላይ ይቆይ የለም ወይ ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

አጎቴ ቆዳ ይጭኑባት የነበረችውን በቅሎ ሸጡ። የክፍል ጓደኛዬ ወንድም ያገለገለ ፕሪንተር አዲስ አበባ ገዝቶ ላከልኝ፤ እኔ ደግሞ በራሴ ሐሳብ አንድ እሽግ የጥጥ ወረቀት አስጨመርኩበት። ለሴሚስተሩ ዕረፍት ስሄድ ከወልድያ እስከ ላሊበላ ካርቶኑን ጭኔ ላይ አድርጌ ተጓዝኩ። ጋሸና ላይ ረዳቱ ጣሪያ ላይ ይጫን ቢለኝ እምቢ አልኩት። እግሬ ደንዝዞ ስወርድ አጎቴ መነኸሪያው በር ላይ ቆመው ነበር። ከእኔ አስቀድመው ካርቶኑን ሳሙት።

ይጽፉበት በነበረው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥነው። መጀመሪያ ከብራናው ጠርዝ የቆረጥኩትን ቁራጭ ወረቀት ላይ ለጥፌ ሞከርኩ። የባለቤታቸው ፊት አምሮ ወጣ። አጎቴ ውጭ ሆነው ትልቁን ብራና በድንጋይ ያሻሉ፤ ድንጋዩ ከእጃቸው እየወደቀ እንደገና ሲያነሡት ይሰማኛል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ቁራጩን በአውራ ጣቴ ጫን አልኩት። ዓይናቸው ከነሽፋሽፍቱ ጣቴ ላይ መጣ።

«እህ?» አሉኝ ከውጭ።

ጣቴን በቀሚሴ ጫፍ ከውስጥ በኩል ጠረግሁ። «ጥሩ ነው ጋሼ፤ መድረቅ ብቻ ነው የሚፈልገው» አልኳቸው።

ትልቁን ብራና በማግስቱ አስገባነው። ብራና እንደ ወረቀት ተዘርግቶ አይተኛም፤ የትም ቢሆን ማዕበል አለው። ከፊት እስከ ትከሻ ድረስ ቀስ እያለ ወጣ። ፎቶው ላይ ያለው ገመድ ጋ ሲደርስ የብራናው ጠርዝ ተነሣና ቀለም የሚረጨውን የፕሪንተሩን ራስ መታው። ከባድ ድምፅ ተሰማ፤ ቀይ መብራት በርቶ ቆመ። ስበን አወጣነው። እጅና ገመድ የነበረበት ቦታ ተበላሽቷል፤ ፊቱ ግን ሙሉ ነበር። የብራናው የራሱ ቀለም ከሥር እያሳየ በሕይወት ያለ ሰው ፊት አስመስሎታል። አጎቴ መነጽራቸውን አደረጉ፣ አወለቁ፣ ደግሞ አደረጉ።

«መጣች» አሉ።

ሦስት ቀን ፀሐይ በማያገኘው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። እኔ ሦስቱንም ቀን አጠገቡ ስደርስ እጄን ወደ ኋላ አደርግ ነበር።

በሙት ዓመቱ ዕለት ካህናቱ ጸለዩ፣ ሰው በላ፣ ጠጣ። ሁሉም ሥዕሉን እያየ ነበር። ቄሶቹ ሊሄዱ ሲነሡ አጎቴም ተነሡ። ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ግድግዳው ሄዱ፤ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል እንደሚሳለሙ ጎንበስ ብለው ግንባራቸውን አስነኩ፣ ቀጥለው ሳሙት። ማናችንም ከዚህ ሌላ አናውቅም፤ በብራና ላይ ያለ ፊት ይሳማል። እኔ ደግሞ ይህን ሠንጠረዤ ውስጥ አላስገባሁትም።

ሲዞሩ ከንፈራቸውና የአፍንጫቸው ጫፍ ጥቁርና ቡናማ ሆኗል። አንዲት ጎረቤት በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉላቸው። አጎቴ እንባቸውን የጠረጉላቸው መስሏቸው እግዜር ይስጥልኝ አሉ። ከዚያ ነጠላውን አዩት። ከዚያ ግድግዳውን አዩ። አፍ የነበረበት ቦታ ባዶ ብራና ነበር፤ ሳቁም፣ የጎደለው ጥርስም የለም።

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ አልደረቀም ነበር ወይ ብለው ጠየቁኝ።

«አይደርቅም ጋሼ። አውቄ ነበር።»

ብራናውን ከግድግዳው አወረዱት።

«ብትነግሪኝ ወረቀቱን እሺ እል ነበር።»

ጠዋት የጥጡን ወረቀት ከእሽጉ አውጥቼ አስገባሁ። በባለቤታቸው ፊት ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ነጫጭ መስመሮች ተሰምረው ወጣ። የብራናው ጠርዝ የመታው ራስ ተጎድቷል። እያጸዳሁ ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ቀለሙ አለቀ፤ መስመሮቹ አልጠፉም። ላሊበላ የሚጠግነው አልተገኘም፤ ወልድያም ስደውል ስሙን ሰምተውት አያውቁም። የቀረው ወረቀት እሽጉ ውስጥ ነው። አጎቴ ካተምኩት አንዱንም አላዩትም።

ወደ ዩኒቨርሲቲ በምመለስበት ቀን ልሰናበታቸው ስሄድ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ብራናውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ የተሳሳተ ፊደል ይፍቁበት በነበረው ትንሽ ቢላ የተረፈውን ፊት ይፍቃሉ። ከትከሻው ጀምረው ጉንጩን ጨርሰዋል። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ቢላው እየዘለለ ብራናውን እንዳይቀደው ይፈራሉ፤ አንድ እጅ አልበቃቸውም።

«ያዢልኝ» አሉኝ።

ቦርሳዬን አስቀምጬ ጠርዙን ያዝኩና ወደ ራሴ አጠበቅሁት። ምን ሊጽፉበት እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ መጻፍ እንደማይችሉ አውቃለሁ። ግንባሩ እስኪያልቅ ድረስ ይዤ ቆየሁ።