ሦስተኛውን ቤዝ ያልነካችው እህቴ

የሶፍትቦል ዳኛ ሆኜ ከተማርኳቸው ሕጎች ሁሉ አንዱን እስከ ዛሬ አልወደውም። አንዲት ልጅ ነጥብ ለማስገባት ስትሮጥ በተራ መርገጥ ካለባት ምልክቶች፣ ቤዝ ከምንላቸው፣ አንዱን ሳትረግጥ ብታልፍ፣ እኔ በዓይኔ ባየው እንኳ ትንፍሽ ማለት አይፈቀድልኝም። የሌላው ቡድን አሰልጣኝ ወይም ተጫዋች መጥቶ «ያቺ ልጅ ያንን ቤዝ አልነካችም» ብሎ ይግባኝ፣ በእንግሊዝኛው አፒል፣ ካላለ፣ ያየሁትን ውጬ ዝም ነው። ቀጣዩ ኳስ ከተወረወረ ደግሞ አለቀ፣ ይግባኝ የሚባል ነገር የለም። እኔም ጠቁሜ ይግባኝ ማስባል አልችልም። ሶ፣ እያወቁ ዝም ማለት ሥራዬ ነው። ቤት ውስጥ «አፏ መዝጊያ የለውም» የምባለው የእኔ!

የዚያን ቅዳሜ የሚጫወቱት የፌርፋክስና የሆሊውድ ሰፈር ልጆች ነበሩ፤ ሁሉም የእኛው የሐበሻ ልጆች። የተመደበው ዳኛ ስለቀረ የእህቴን ቡድን፣ የፌርፋክስን፣ ጨዋታ እኔው እንድዳኝ ተደረገ። አሰልጣኞቹ «ምን ችግር አለው፣ ልጃችን አይደለች እንዴ» ብለው ተስማሙ። እህቴ አስር ዓመቷ ነው። ከመጀመሪያው ጨዋታ ጀምሮ አንድ ነጥብ እንኳ አስገብታ አታውቅም፣ በየሳምንቱ እያለቀሰች ነበር የምትመለሰው። እናቴ ከምትሠራበት ምግብ ቤት ፈቃድ ጠይቃ፣ ጥቁር የሥራ ሸሚዟን እንደለበሰች ከሽቦ አጥሩ ጀርባ ቆማለች።

የሆሊውዱን አሰልጣኝ ጋሼ ነው የምንላቸው። ሆቴል በር ላይ የእንግዶች መኪና ፓርክ ያደርጋሉ። እናቴ እዚህ አገር ስትመጣ ድራይቭ ማድረግ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ያኔ የሰው አጥር ገጭታ ስታቆም፣ ጋሼ ያሏት «መሪው ትንሽ ይጠነክራል መሰለኝ» ብቻ ነው። ሰውን ፊት ለፊት «አጠፋህ» ብለው አያውቁም።

የመጨረሻው ዙር ላይ ነን። እኩል ለእኩል ነው፣ ሁለት ልጆቻቸው አውት ሆነው ወጥተዋል፣ ሦስተኛዋ ከወጣች ተራቸው ያበቃል፣ እህቴ ሁለተኛው ቤዝ ላይ ቆማለች። ጓደኛዋ ኳሱን መትታ ወደ ሩቁ ሣር ሰደደችው። እኔ የብረት ጭምብሌን አውልቄ ወደ ሦስተኛው ቤዝ ሮጥኩ። እህቴ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ አፏን ከፍታ እየሳቀች መጣች። እግሯ አፈሩ ላይ አረፈ፤ በእሷና በቤዙ መካከል አንድ ስንዝር ነበር። አልነካችውም። ዞራ በቀጥታ ነጥብ ወደሚቆጠርበት ወደ ሆም!

ልጆቹ ተሸከሟት። እናቴ እልል አለች። እኔ ጭምብሌን መልሼ አጠለቅሁ፣ ለኳስ ሳይሆን ፊቴን እንዳያዩኝ ነው። እዚያ ብረት ውስጥ ሆኜ «ማንም ባላየ» ብዬ ጸለይኩ፤ ጸልዬ ሳልጨርስ ደግሞ በራሴ አፈርኩ።

ጋሼ እጃቸውን አንስተው ጨዋታው ለአፍታ እንዲቆም ታይም ጠየቁ። ኮፍያቸውን አውልቀው በዝግታ ወደ እኔ መጡ።

«እንደምን ዋልሽ ልጄ?»

ጠዋት ሰላም ተባብለናል። «ደህና ነኝ ጋሼ።»

«ፀሐዩ ከረር ብሏል።»

«አዎ፣ ከሯል።»

«እንደው… ይሄ ሦስተኛው ቤዝ ቦታው ልክ ነው? ልጅ ደግሞ ደስ ሲላት መሬት አታይም፣ የሮጠችው ልጅ ማለቴ ነው። ዓይኔ ይሆናል እንጂ።» ኮፍያቸውን አጥልቀው ተመለሱ።

ይሄ ይግባኝ ነው? «አልነካችም» አላሉም። «ይግባኝ» አላሉም። ልጠይቃቸው ብል መጠቆም ይሆንብኛል። ዝም ብል እህቴን ልጠቅም ነው። ወርዋሪዋ ኳሱን በሁለት እጇ ይዛ ምልክቴን እየጠበቀች ነው፤ ታይም ብዬ ያነሳሁትን እጄን ካወረድኩ ትወረውራለች። ያኔ ጋሼ ጠነከረ ያሉት ያ የመኪና መሪ ትዝ አለኝ። በጋሼ አማርኛ ከዚህ በላይ ክስ የለም እኮ! የትኛዋ ልጅ? የሮጠችው። የትኛው ቤዝ? ሦስተኛው። ሁሉም ተብሏል። የሌላ ሰፈር፣ የፒኮ ሮበርትሰን አሰልጣኝ ይህንኑ በጩኸት ቢለኝ ወዲያው እቀበለው ነበር።

ቡጢዬን አነሳሁ። «አውት! ሦስተኛውን ቤዝ አልነካችም። ነጥቡ ተሰርዟል!»

ሜዳው ታመሰ።

«ማን ከሰሳት?» አለች እናቴ ሽቦውን ይዛ። «ጋሼ ስለ ፀሐይ ነው ያወሩት!»

«አፒል አላደረጉም!» ጮኸች እህቴ። «ቺተር! አጭበርባሪ!»

ከአባቶቹ አንዱ «የገዛ እህቷን በላቻት!» ብሎ ሳቀ።

ከሁሉም የባሰው ግን የጋሼ ድንጋጤ ነው። «ኧረ በስመ አብ! እኔ ልጅቷን ምን አልኩ?»

አሁን በሁሉም በኩል ተዘጋብኝ። ውሳኔውን ብመልሰው፣ ማንም ሳይጠይቀኝ ያየሁትን የዘረገፍኩ ዳኛ ነኝ። ባልመልሰው ደግሞ ያልተባለ ይግባኝ ፈጥሬ እህቴን ያስለቀስኩ ነኝ። «ጋሼ፣ ይግባኝ ካልሆነ ነጥቡን እመልሳለሁ። ምን ሊሉኝ ነበር የመጡት?» አልኳቸው።

እናቴን አዩ። የራሳቸውን ልጆች አዩ፤ ዘጠኙም አፋቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ። ኮፍያቸውን አንድ ጊዜ አዞሩት፣ ደግመው አዞሩት። ከዚያ እህቴ ፊት በርከክ አሉ።

«የኔ ልጅ፣ አልነካሽውም። አይቻለሁ። ይግባኝ ብያለሁ።»

ሲነሱ ከባድ ዕቃ ያወረዱ ይመስሉ ነበር። እናቴ ሽቦውን ለቀቀች። የሆሊውድ ልጆችም በተራቸው ምንም ሳያስገቡ ቀሩና በአቻ አለቀ።

ወደ ቤት ስንመለስ ኦሊምፒክ ጎዳና ላይ ትራፊኩ ያዘን። ወርጄ በእግሬ በሄድኩ ብዬ ተመኘሁ።

«ስንት ይቀረኝ ነበር?» አለች እህቴ ከኋላ።

ዞሬ ስንዝሬን ዘርግቼ አሳየኋት። የራሷን እጅ አምጥታ ለካችው፤ የእሷ አነስ ይላል። ረጅም ጊዜ አየችው።

«በጣም ቅርብ ነበር» አለች።

«በጣም» አልኩ።

መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን እናቴ ፊቷን ሳታዞር «ያኔ አጥሩን ስገጭ፣ መሪውም ደህና ነበር» አለች።

«የምን መሪ?» አለች እህቴ። እናቴ ነዳጁን ረገጠች።

በቀጣዩ ቅዳሜ የዳኘው ሌላ ሰው ነው፤ እኔ ከአጥሩ ጀርባ ከእናቴ ጋር ቆሜ ነበር። እህቴ ተራዋ ደርሶ ሮጠች። እያንዳንዱ ቤዝ ላይ ሁለት እግሯን ገጥማ እየዘለለች፣ እያንዳንዱ ላይ ቆም ብላ እኔን በቁጣ እያየች። ሦስተኛው ላይ ሁለቴ ዘለለች። እስክትዘል ኳሱ ቀድሟት ሆም ሳትደርስ አውት ሆነች።