እህቴ የመረጠችው ቀጭን መጽሐፍ

እህቴ ለሕክምና ሮም ስትመጣ እኔ ከአገር ከወጣሁ ዓመታት አልፈው ነበር። እኔ የወጣሁት በሱዳን በኩል በእግሬ ነው፤ እሷ ግን የሕክምና ቦርድ ፈቅዶላት በአውሮፕላን መጣች። ከአውሮፕላን ማረፊያው በባቡር ስትገባ ተርሚኒ ጣቢያ ስቀበላት ያቺ ደልዳላ ታላቄ ካፖርቷ ውስጥ ጠፍታ አገኘኋት። የደም ካንሰር ነበር።

አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ ትሠራ ነበር። ያኔ ኮምፒዩተር ማለት አንድ ክፍል ሙሉ የሚይዝ ማሽን ነው። ፕሮግራም መጻፍ ታውቅበታለች። ከፕሮግራሞቹ ሁሉ ሥር ሆኖ ማሽኑን የሚያስተዳድረውን፣ ከርነል የሚሉትን የኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት ግን የሚያሳያት አላገኘችም። ማሽኑ ሲበላሽ የውጭ አገር ባለሙያ ይመጣል፣ በር ዘግቶ ያስተካክላል፣ ይሄዳል። ይህ ለዓመታት ሲያንገበግባት ኖሯል።

ሐኪሞቹ ከመጀመሪያው ሕክምና በኋላ ጥቂት እረፍት ሲሰጧት ከተማውን ላሳያት አሰብኩ። እሷ መጽሐፍ ቤት ውሰደኝ አለች። ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ አጠገብ የእንግሊዝኛ የቴክኒክ መጻሕፍት የሚሸጥበት ቤት ነበር። ቪያ ቮልቱርኖ ሳህን ወደማጥብበት ምግብ ቤት ስመላለስ መስኮቱን አየዋለሁ እንጂ ገብቼበት አላውቅም። ባለቤቲቱ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። የምትፈልገውን በጣልያንኛ እንደምንም ነገርኳቸው። ለእህቴ ወንበር ሳቡላትና ሦስት መጻሕፍት አምጥተው ጭኗ ላይ አስቀመጡላት።

ከመጀመሪያው ገጽ የምትጀምር መስሎኝ ነበር። እሷ ግን የሦስቱንም ማውጫ ከኋላ ገልጣ አንድ ነገር ብቻ ፈለገች። ሁለት ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ልጻፍ ቢሉ ማን ያስቆማቸዋል? መሥሪያ ቤት ሳለች ያልተመለሰላት ጥያቄ ይሄ ነበር። አንደኛው መጽሐፍ በግማሽ ገጽ አልፎታል፤ መለሰችው። ሁለተኛው፣ በጣም ወፍራሙ፣ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥቶታል። ሦስተኛው ቀጭን ነው፤ የአንዲት ትንሽ ሲስተም ኮድ ከነማብራሪያው አንድም መስመር ሳይጎድል ታትሞበታል።

ወፍራሙን እንድትወስድ ለመንኳት። ሁሉ ነገር እሱ ላይ አለ አልኳት።

«እሱ ጊዜ ላለው ሰው ነው» አለች።

ድምጿ ላይ ምንም የተለየ ነገር አልነበረም። እኔ ግን ፊቴን ወደ መደርደሪያው አዞርኩ። እሷ ቀጭኑን እያገላበጠች ቀጠለች፤ «ይቺ ትንሽ ናት፤ ግን ምንም አልደበቀችም። ጀምሬ እጨርሳታለሁ።»

ሆስፒታል ስትመለስ መጽሐፏን ይዛ ገባች። መጀመሪያ ላይ ራሷ ታነብ ነበር። ኋላ መድኃኒቱ ዓይኗን ሲያደበዝዘው ከሥራ በፊት እየመጣሁ እኔ አነብላት ጀመር። አንዱም አይገባኝም። ኮዱን በየፊደሉ፣ በየቅንፉ ስጠራላት ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች፤ አንድ ምልክት ከዘለልኩ ታስመልሰኛለች። ጎኗ የተኙት ጣልያናዊት አሮጊት ጸሎት መጽሐፍ የማነብላት መስሏቸው አብረው ያማትቡ ነበር። አንድ ቀን ይህን አይታ ሳቀች፤ ሮም ውስጥ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው።

አንድ ጠዋት ያነበብኩትን ታስረዳኝ ጀመረች። ከርነሉ ለፕሮግራሞቹ በየተራ ጊዜ ያድላል። የአንዱ ተራ ሲያልቅ ያቆመውና የት እንደደረሰ ይይዝለታል፤ ተራው ሲመለስ ካቆመበት ያስቀጥለዋል።

«ፕሮግራሙ መቋረጡን ያውቃል?» አልኳት።

«አያውቅም» አለች። «እንዴት ያለ ነገር ነው፤ ምንም የቀረበት አይመስለውም።»

ስለ ማኅደረ ትውስታ አከፋፈል የሚያወራው ምዕራፍ መሐል ላይ ደርሰን ትኩሳቱ ያዛት። ከዚያ በኋላ አማርኛዬንም አልሰማችም። በሦስተኛው ቀን አረፈች።

አስከሬኗ ወደ አገር እንዲሄድ ተወሰነ። እኔ መሄድ አልችልም። ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ የስደተኛ ነው፤ አዲስ አበባ ብወርድ ከአውሮፕላን ማረፊያው አልወጣም። ሳጥኑ አውሮፕላኑ ውስጥ ሲገባ በመስታወት አሻግሬ አየሁ። ከአገሬ ልጆች ሁለቱ በግራና በቀኝ ይዘውኝ ነበር፤ ባይዙኝ የት እንደምሄድ አላውቅም።

ከቀብሩ በኋላ ቪያ ቮልቱርኖ አንድ ያገሬ ሰው ቤት ሄጄ ለእማዬ ደወልኩ። መስመሩ ይቆራረጣል። አላለቀሰችም፤ አልቅሳ ጨርሳለች መሰለኝ። እዚያ እያለች ምን ታደርግ ነበር ብላ ጠየቀችኝ።

«ታነብ ነበር፣ እማዬ» አልኳት።

«ማንበቧንማ መች አጣሁት፤ ትበላ ነበር ወይ ልጄ?»

ትበላ ነበር አልኳት።