ደጃዝማቹ ያላደሩበት ቤት

ይህን ነገር ከሁለት ሽማግሌዎች በቀር እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርሁም። ለነፍስ አባቴ እንኳ በየጾሙ ሌላ ሌላውን እየዘረዘርሁ ይችን እዘላታለሁ። እርሳቸው "ሌላስ ልጄ?" ይሉኛል፤ እኔም "ሌላ የለም አባቴ" እላለሁ። በኑዛዜ ላይ መዋሸት ደግሞ ራሱን የቻለ ኃጢአት ነውና ዛሬ እናንተ ፊት የቀረብሁት ሸክሜን እጥፍ አድርጌ ነው።

ዋሽቻለሁ። የዋሸሁትም በአደባባይ፣ ቆሜ፣ ነጠላዬን አስተካክዬ ነው። ሥራዬ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? የታሪክ መምህር ነኝ። ብትስቁ አልቀየምም፤ እኔም አንዳንድ ቀን ብቻዬን ስሆን እስቃለሁ።

የማስተምረው ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ላይ ካሉት ትንንሽ ከተሞች በአንዷ ነው። ስሟን አልጠራም፤ ያገሬ ሰው ሲያነበው ያውቃታልና ከመታወቅ አላመልጥም። በከተማዋ መሐል፣ ከገበያው ራስ ላይ፣ አንድ አሮጌ ፎቅ ቤት ነበር። ከድንጋይና ከጭቃ የተሠራ፣ ፊት ለፊቱ የእንጨት ሰገነት ያለው። አንድ ቆዳ ነጋዴ ያሠራው ነው ይባላል። ነጋዴው ዘር ሳይተካ ሞተ፤ ቤቱም መጀመሪያ መጋዘን፣ በኋላ የፍየል ማደሪያ ሆነ። ጣሪያው ያፈሳል፣ ሰገነቱም ወደ አንድ ጎን ዘምሟል።

ይህን ቤት አፍርሰን የሱቅ መደዳ እንሥራበት የሚል አሳብ መጣ። ክፉ አሳብ አልነበረም። እኔ ግን ዓይኔን ጥዬበት ነበር። ተማሪዎቼ የሚያነቡበት ቦታ ስላልነበራቸው ፈተና ሲደርስ የድልድዩ ግንብ ላይ እንደ ወፍ ተደርድረው ነበር የሚያጠኑት። ቤቱ ቢጠገን ጥሩ ቤተ መጻሕፍት ይወጣዋል እያልሁ ላገኘሁት ሁሉ አወራለሁ። ሰው ያዳምጠኝና ወደ ጉዳዩ ይሄዳል።

በመጨረሻ ጉዳዩን የሚያዩ እንግዶች ከፍኖተ ሰላም መጡና ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። እንግዶቹ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቤቱ ታሪክ አለው ወይ? ካለው ይጠገናል፣ ከሌለው ይፈርሳል። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንደኛው ቆዳ ይከማችበት እንደነበር ተናገሩ። ሌላኛው የቆዳውን ሽታ አስታወሱ። የእንግዶቹ ተጠሪ ደብተሩን ሊከድን ሲል እኔ ተነሣሁ።

ምን ነካኝ? ስንት ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። አንድ ታላቅ ደጃዝማች በአያቶቻችን ዘመን ወደ ዓባይ ማዶ ሲሻገሩ በዚህ ቤት ሦስት ቀን አርፈዋል፣ ከሰገነቱም ላይ ተቀምጠው የተጣላ አስታርቀዋል አልሁ። የደጃዝማቹ ስም ማን ነው ብባል ጥናቱ ገና አልተጠናቀቀም አልሁ። እኔ፣ ተማሪ ማስረጃ ሳያቀርብ ሲጽፍ በቀይ እስክሪብቶ የማሰምርበት ሴት፣ እኔ ነኝ ይህን ያልሁት።

በዚያው ቢያበቃ ምናልባት እንግዶቹ ይጠራጠሩ ነበር። ነገር ግን አያ ይግዛው የሚባሉ፣ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡ አዛውንት ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ። ሊያጋልጡኝ ነው ብዬ ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብሁ። እርሳቸው ግን ነገሩ እውነት እንደሆነ፣ የደጃዝማቹን በቅሎ ይዘው የቆሙት የእርሳቸው አባት እንደነበሩ፣ በቅሎዋም ዳማ እንደነበረች ተናገሩ። ይኸኔ ከወዲያ በኩል የተቀመጡ ሌላ ሽማግሌ፣ የለም፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ነበራት ብለው ተከራከሩ። ስብሰባው ሁሉ ወደ በቅሎዋ መልክ ዞረ። ስለ ደጃዝማቹ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ቤቱ ዳነ።

የተጠገነበት ዓመት በሕይወቴ ከተደሰትሁባቸው ዓመታት ሁሉ ይበልጣል፤ ይህንም መናዘዝ አለብኝ። የገጠሩ ሰው ዋንዛ አስጠርቦ በአህያና በሸክም አመጣ። ጭዱ ከየአውድማው ተለመነ። ጭቃው ሲረገጥ ርዕሰ መምህራችን ሱሪያቸውን ጠቅልለው ገቡና መውጣት አቅቷቸው በአራት ሰው ተጎተቱ። አንድ ጫማቸው እስከ ዛሬ ግድግዳው ውስጥ ነው እየተባለ ይወራል፤ ይህኛው የእኔ ፈጠራ አይደለም።

ከጠጋኞቹ መካከል አያ ፈንታሁን የሚባሉ ሽማግሌ ግንበኛ ነበሩ። የአዊ ሰው ናቸው፤ የሚኖሩት ከቡሬ ወጣ ካለ ገጠር ነው። ብዙ አይናገሩም፤ ድንጋይ በእጃቸው አገላብጠው አይተው ይጥሉታል ወይም ያስቀምጡታል። አንድ ቀን ከመሰላላቸው ወርደው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ እኔ መጡ። ከመስኮቶቹ በላይ ሦስት ሦስት ድንጋይ እንደ ቅንድብ ጎብጦ ተቀምጧል፤ እንዲህ አድርጎ የሚያስቀምጥ አንድ ሰው ብቻ እንደነበር ነገሩኝ።

"እትዬ ዘነቡ፣ ይህን ቤት የሠራው አባቴ ነው። ስለ ደጃዝማቹ አላውቅም፤ ግንቡን ግን አውቀዋለሁ።"

እናታቸው እርሳቸውን አርግዛ ሳለ ለጭቃው ውኃ ከወንዝ ታመላልስ እንደነበር ራሷ ነግራቸዋለች። የለመኑኝ ትንሽ ነገር ነው፤ ቤቱ ላይ ጽሑፍ የሚለጠፍ ከሆነ የአባታቸው ስም ባንድ ጥግ ቢገባ።

የመለስሁላቸው ቃል ይኸውና። "ሌላ ቤት ይሆናል አያ ፈንታሁን። ይኸኛው ከዚያ በጣም የቀደመ ነው፤ በጥናት የተረጋገጠ ነው" አልኋቸው።

ጥገናው ገና አልተጋመሰም ነበር። የቤቱ ዕድሜ ከተመረመረ ደጃዝማቹ ይጠፋሉ፣ ሥራውም ይቆማል ብዬ ፈራሁ። ይህ ሰበብ ነው? አዎ፣ ሰበብ ነው። አያ ፈንታሁን ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉና "እርስዎ ተምረዋል" ብለውኝ ወደ መሰላላቸው ተመለሱ። በፊተኛው ውሸቴ ላልነበረ ሰው ያልሠራውን ሰጠሁ። በኋለኛው የነበረውን ሰው የሠራውን ነጠቅሁት። እኔን የሚያቃጥለኝ የኋለኛው ነው።

ቤቱ ተመረቀ። ፎቁ ቤተ መጻሕፍት፣ ምድር ቤቱ የእድር አዳራሽና የሕፃናት መዋያ ሆነ፤ ከጓሮው አዲስ የውኃ ቦኖ ተተከለ። ከበሩ በላይ "ደጃዝማቹ ያረፉበት ታሪካዊ ቤት" የሚል ሰሌዳ ተሰቀለ። ሙሽሮች ሰገነቱ ላይ ፎቶ ይነሣሉ። ተማሪዎቼ ስለ ደጃዝማቹ በፈተና ይጽፉልኛል፤ እኔም ትክክል ብዬ አርማለሁ። አያ ይግዛው ከደጃፉ ተቀምጠው ለመጣው እንግዳ ሁሉ ያወራሉ፤ በቅሎዋ አሁን ጅብ ረግጣ ገድላለች።

ዓመታት አለፉ። ባለፈው ክረምት ኃይለኛ ዝናብ ጣለና በገበያው ዙሪያ ያሉ አዳዲስ ቤቶች ሳይቀሩ ግድግዳቸው ረጠበ፣ አንዳንዱም ተሰነጠቀ። የእኛ ቤት ንቅንቅ አላለም። ውስጡ ደረቅ ነበር፤ ሕፃናቱ እየዘፈኑ ዋሉ። የከተማው ሰው እየመጣ ግድግዳውን ዳሰሰና ደጃዝማቹ ባርከውት ነው አለ። ያን ጊዜ አላስችል አለኝ። የአያ ፈንታሁን አባት እጅ ሕፃናቱን ከዝናብ ሲያድን፣ ምስጋናውን እኔ ከራሴ ላወጣሁት ሰው አስረክቤዋለሁ።

ክረምቱ እንደወጣ ወደ አያ ፈንታሁን አገር ሄድሁ። እስከ መንገዱ መጨረሻ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር። አጥራቸውን ሲክቡ አገኘኋቸው። ውስጥ ይግቡ ቢሉኝ እምቢ ብዬ እዚያው ቆሜ አንድም ሳላስቀር ነገርኋቸው። ደጃዝማች እንዳልነበሩ፣ ጥናት እንዳልነበረ፣ አባታቸውን የካድሁት አውቄ እንደሆነ። ድንጋይ በእጃቸው ይዘው ሰሙኝ።

"አውቅ ነበር እኮ እትዬ" አሉኝ። "የዚያን ቀን ሲመልሱልኝ ዓይኔን አላዩኝም። በኋላ ሳስበው ገባኝ፤ ቤቱ የቆመው በዚያ ወሬ ነው። እኔ ብናገር ይፈርሳል። ስሙ ተጽፎ ግንቡ ከሚፈርስ፣ ስሙ ቀርቶ ግንቡ ይቁም ብዬ ዝም አልሁ። አባቴም ቢጠየቅ ይህንኑ ነበር የሚመርጥ።"

ገበያ በወጡ ቁጥር ወደ ፎቁ እንደሚወጡም ነገሩኝ። ማንበብ አይችሉም፤ አንድ መጽሐፍ ከፍተው ከተማሪዎቹ መካከል ይቀመጡና ገጽ ሲገለጥ የሚሰማውን ድምፅ ያዳምጣሉ። እኔ ስንት ጊዜ አይቼአቸው ይሆን? አንድ ጊዜ እንኳ አላስተዋልሁም። አለቀስሁ። ባለቤታቸው ከቤት ውስጥ በአውንጊ አንድ ነገር ጠየቁ፤ አያ ፈንታሁን መለሱላቸውና ሁለቱም ሳቁ። ምን አሉ ብዬ ብጠይቅ፣ "በቅሎዋስ? ብላ ነው" አሉኝ። እንባዬን ሳልጠርግ አብሬ ሳቅሁ።

ከዚያ በቀጥታ የሄድሁት ወደ አያ ይግዛው ነበር። ደጃዝማቹን እኔ እንደፈጠርኋቸው ነገርኋቸው። በእዝነት አዩኝ።

"አንቺ ፈጥረሽው ይሆናል ልጄ፤ እኔ ግን በዓይኔ አይቻለሁ" አሉ። ከዚህ ቦታቸው የሚያነሣቸው የለም፤ እኔም ተውኋቸው።

ባለፈው እሑድ በእድሩ ስብሰባ፣ ያኔ በሽማግሌዎቹ ፊት እንደቆምሁ ሁሉ ልናገር ስነሣ አፌ ተሳሰረ። ስለዚህ ነገሩን ለማያውቅ ሰውም እንዲደርስ፣ እናንተ የምታውቁትን ጭምር ጽፌ መጣሁ። ዛሬ ይነበብላችኋል። አዲስ ሰሌዳም አሠርቻለሁ፤ ከፈቀዳችሁልኝ መሰላሉን ወጥቼ የምሰቅለው እኔ ነኝ።

አያ ፈንታሁን ይቅር ብለውኛል። ነገር ግን ስሙን የቀማሁት የእርሳቸውን አይደለም፤ ስሙን የቀማሁት ሰው ደግሞ ይቅር ሊለኝ በሕይወት የለም። ስለዚህ ቤቱ ዳነ፣ ልጆቹ ተማሩ ብዬ ራሴን ነፃ አላወጣም። መስኮት ሥር ተቀምጣችሁ የምታነቡ፣ ልጆቻችሁን እዚህ የምታውሉ ሁሉ፣ እኔን ይቅር ከማለታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ስማቸውን ጥሩልኝ። ቤቱን የሠራው ግንበኛው ተገኘ ነው። ውኃውን ከወንዝ ያመላለሰችለት ሚስቱ ጥሩዬ ናት።