የሽጉጡ አፎት ማሰሪያ

ልጄ የጥበቃ ሥራ ስላገኘ ለሽጉጡ አፎት ሊያሰፋ ደብረ ማርቆስ ገበያ ወጣ። አላስችል ብሎኝ ተከተልኩት። ቆዳ ሰፊው ዘንድ ስንደርስ የራሰው ቆዳ ሽታ አባቴን አመጣብኝ።

ልጅ ሳለሁ አባቴ ለታላቅ ወንድሜ እንዲህ ያለ አፎት ሰፍቶለት ነበር። ሽጉጡን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ የራሰውን ቆዳ ቅርጹን እስኪይዝ በላዩ ላይ ሲጫነው አየዋለሁ። በመጨረሻ በአውራ ጣት የሚፈታ ማሰሪያ አበጀለት። ወንድሜ ሞከረውና ሳቀ።

«አባባ፣ ጠበቀ እኮ! ይኼን እስክፈታ ጠላቴ ምሳውን በልቶ ይነሳል።»

አባቴ አልሳቀም። «ሆን ብዬ ነው ልጄ። እጅህ ልብህን እንዳይቀድመው ነው። ማሰሪያውን ስትታገል ቁጣህ ይበርድ ይሆናል» አለው።

በዚያው ክረምት ወንድሜን በመሬት ወሰን ጠብ ገደሉት። ሬሳው ቤት ሲገባ ሽጉጡ ከአፎቱ አልወጣም ነበር፤ ማሰሪያውም አልተፈታም። አባቴ እስኪሞት ድረስ እናቴን «ሊፈታው ታግሎ ይሆን?» እያለ ይጠይቃት ነበር። እሷም «እኔ ምን አውቄ» ትለውና ፊቷን ታዞራለች።

«እማ!» አለኝ ልጄ። ቆዳ ሰፊው ወስፌውን ይዞ ይጠብቃል። «መቼም አንቺ ሐሳብ አታጪም። ማሰሪያው ይጥበቅ ወይስ ይላላ?»

የልጄን እጅ ያዝኩ። መልቀቅ አቃተኝ።